ያገለገለ ስኒ

ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ዓይነት ስጦታ መጥቷል። አዲስ ያሰኘው ዕቃው አሮጌ መሆኑ ነው። ልደት ሲከበር፣ ቤት ሲመረቅ፣ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ፣ ከአበባውና ከኬኩ ጎን በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ይቀመጣል። ሲፈታ አንድ ወይም ሁለት የቡና ስኒ፣ አንዳንዴም ጆሮ ያለው የሻይ ስኒ ከነማስቀመጫው ብቅ ይላል። የጠርዙ ወርቅ ለቅቋል፤ አበባው ደብዝዟል። ሰጪዋ ግን ውድ ዕቃ እንደ ሰጠ ሰው ኮራ ብላ «ስንት ቦታ ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ ኦሪጅናል የድሮ ነው» ትላለች። ተቀባይዋ ወጣት ከሆነች በደስታ ትጮኻለች። እናቷ ግን ከጓዳ ብቅ ብለው ያዩና ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ይገባሉ። ያ ዝምታ ይተርጎም ቢባል «ልጄን ያገለገለ ዕቃ ሰጧት!» ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሁለት ወገን ፈጥሯል። አንደኛው ወገን አሮጌ ስኒ ለቃቅሞ መስጠትን የሥልጣኔና የጥሩ ጣዕም ምልክት አድርጎ ያየዋል። ሌላው ስድብ ነው ይላል። እኔ እስከማየው ድረስ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሽ እውነት ደግሞ ካልተሞገተ ሙሉ ነኝ ብሎ ቁጭ ይላልና እስቲ ሁለቱንም እንሞግታቸው።

የእናቶቹን ወገን እናስቀድም። እኛ ዘንድ ስጦታ ማለት አዲስ ነው። አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሙሉም መሆን አለበት። ስኒ ከሆነ ስድስት፣ ከተቻለ አሥራ ሁለት። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ። የሠርግ ስጦታ በፖስታ ከመተካቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ሙሽሮች ጫጉላቸውን ሲጨርሱ የሚቆጥሩት ብርጭቆ፣ ሰሃንና ፔርሙዝ ነበር። አራት ፔርሙዝ የደረሰው ሙሽራ ሦስቱን ካርቶናቸውን ሳይከፍት ለሦስት ሌሎች ሠርጎች ያሳልፋቸዋል። አንዳንዱ ፔርሙዝ አንድም ቀን ሻይ ሳይቀዳበት ግማሽ ከተማ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ሰጪ የተመለሰበት ጊዜ አለ ይባላል። ማንም አልተቀየመም። ካርቶኑ አልተከፈተማ!

ይሄን ስል እየቀለድኩ አይደለም። ከዚህ ልማድ ሥር ከባድ ነገር አለ። ያገለገለ ዕቃ በእኛ ማኅበረሰብ ለማን ነው የሚሰጠው? ለሠራተኛ፣ ለችግረኛ ዘመድ፣ በር ላይ ለቆመ ለማኝ። ስለዚህ አሮጌ ስኒ የተሰጣቸው እናት የሚያዩት ስኒውን አይደለም፤ የተቀመጡበትን ቦታ ነው። «ከማን ጋር ቆጠሩን?» ነው ጥያቄያቸው። ድህነትን በወሬ ሳይሆን በኑሮ ለሚያውቅ ትውልድ አዲስ ዕቃ መስጠት «ከትርፌ አልሰጠሁህም» ማለት ነው። ይሄን ክብር አቃልለን «ኋላቀርነት ነው» ብንል ራሳችንን ማስገመት ይሆናል።

ግን ያው ትውልድ የተቀበለውን ስኒ ምን አደረገው? ቡፌ ውስጥ ቆለፈው። ቡፌ ማለት፣ ለማታውቁት ልጆች፣ ሳሎን ውስጥ የሚቆም ባለመስታወት ቁም ሳጥን ነው። ቁልፉ ከእናት ቀሚስ ኪስ አይወጣም። ውስጡ ያለው ዕቃ ለታላቅ እንግዳ የተቀመጠ ነው። ቤተሰቡ ጠርዙ በተሸረፈ ስኒ ይጠጣል፤ ደህናው ስኒ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ያያቸዋል። በብዙ ቤት ያ ታላቅ እንግዳ ሳይመጣ ባለቤቷ አለፉ። የቡፌው ቁልፍ የተገኘው ከቀብር በኋላ ነው።

አሮጌዎቹ ስኒዎች ወደ ገበያ የሚወጡበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ሁለተኛው ቤት መቀየር ነው፤ ግቢ ያለው ቤት ለቅቆ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ቤተሰብ ቡፌውን በደረጃው ማሳለፍ አይችልም። ሦስተኛው ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ለአርባው ወይም ለተዝካሩ መጥተው በሁለት ሳምንት ቤቱን ባዶ አድርገው ይመለሳሉ። አራተኛው፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው፣ ችግር ነው። መድኃኒት ተገዝቶ ሲያልቅ፣ የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ወርቁ ይሄዳል፤ ከዚያ ጋቢው፤ ከዚያ ስኒው።

ያኔ ቆራሌው አለ። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ በአቶቴም በፒያሳም ጓሮ ለጓሮ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኋላው «ልዋጭ!» እያለ የሚመጣው ደግሞ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ተሸክሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ይለውጣል። ለነዚህ ልጆች ስኒ ዋና ሥራቸው አይደለም። የሚፈልጉት ብረት፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ሬዲዮ ነው። ስኒ በዋጋ ክርክሩ መጨረሻ ላይ «በል ይሄንንም ውሰድ» ተብሎ የሚጨመር ነገር ነው። የአርባ ዓመት አቦል የተቀዳበት ዕቃ በአንድ የፕላስቲክ ጆግ ይሄዳል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያለው ሰው ይሄን ሳያይ አልቀረም። ያው ስኒ ሁለትና ሦስት እጅ አልፎ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ «አንቲክ» ይባላል። የአዲስ አበባ ዕድል ያጋጠመው ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ይመለሳል፤ ዋጋው መንገድ ላይ ሲያድግ የመጀመሪያዋ ባለቤት አታውቅም።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ወገን እንምጣ። መጀመሪያ ላመስግናቸው። የማያውቁትን ነገር ለማወቅ መጓጓታቸው ደስ ይላል። ስኒ ገልብጠው ሥሩን የሚያነቡ ልጆች አይቻለሁ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ነበር፦ በልቦለድ ውስጥ የገጸ ባሕርይን ኑሮ ማወቅ ከፈለጋችሁ ንግግሩን ትታችሁ ዕቃውን ተመልከቱ። ስኒም ያው ነው፤ ለሚያነበው ያወራል።

ስሙ ራሱ ፓስፖርቱ ነው። ዐረቦች «ሲኒ» ሲሉ «የቻይና» ማለታቸው ነው። እንግሊዞችም ሸክላውን በአገሩ ስም «ቻይና» እያሉ ይጠሩታል። «ፍንጃል»ም ከዐረብኛው «ፊንጃን» የመጣች ናት። ከቻይና ጋር ያለን ትውውቅ የመንገድ ሥራ ከመጣ በኋላ ለሚመስለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ በድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በምትባለው ቦታ ቲሞቲ ኢንሶል በተባለው አርኪዮሎጂስት የተመራ ቡድን ከ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ጋር ከየመንም ከቻይናም የመጡ ናቸው የተባሉ ዕቃዎች ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አስታውቋል። የሐረሪ ቤት ግድግዳም ከስፌቱ ጎን ሰሃን ሰቅሎ ማጌጡ የቆየ ነገር ነው። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን ቡና ራሱ ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር በሰፊው የተለመደው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው። ስለዚህ «ጥንታዊ ባህላችን» እያልን የምንደረድረው ስኒ በብዙ ቤት የቅድመ አያት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። ጀበናዋ የአገር አፈር ናት፤ ስኒው ግን ሁልጊዜም ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። የኛ ያደረገው አጠጣጣችን ነው።

አውሮፓውያን እንኳ የቻይናን ምስጢር ደርሰውበት ማይሰን በምትባል የጀርመን ከተማ ፋብሪካ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1710 ነው። እንግሊዞች ደግሞ ቆይተው የተቃጠለ የከብት አጥንት አመድ አፈሩ ውስጥ ቀላቀሉና «ቦን ቻይና» የሚሉትን ስስ ዕቃ ሠሩ። (ጾመኛ አንባቢዬ ይቺን አረፍተ ነገር ቢዘላት አልቀየምም።) ከጃፓን የመጡት ደግሞ ከሥራቸው ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. በ1891 ሥራ ላይ የዋለ የአሜሪካ ቀረጥ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገደደ። ጃፓኖች «ኒፖን» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ከ1921 ወዲህ አሜሪካ «ጃፓን» ካልተባለ አልቀበልም አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አገሪቱ በአሸናፊዎቹ ጦር እጅ በነበረችበት እስከ 1952 በዘለቀው ጊዜ፣ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ማኅተም ያለባቸው ወጥተዋል። ወደ እኛ የመጣው ሁሉ በዚህ ሕግ ተሠርቷል ማለት አይደለም። ግን የተሸናፊ አገር ውርደት በስኒ ሥር ተጽፎ መቅረቱን ያየ ሰው ቡናውን ፉት ከማለቱ በፊት ቆም ማለቱ አይቀርም።

ሌላም የሚጠቅም ዕውቀት አላቸው። ስኒውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ጣታቸውን ከኋላ ያስቀምጣሉ፤ የጣቱ ጥላ ካለፈ ፖርሴሊን ነው። በጥፍር መታ ያደርጉታል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ የማይታይ ስንጥቅ አለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምርላቸው፦ በድሮ ዕቃ ላይ ከመስታወቱ በላይ የተቀባ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ቀለሙ ከውስጥ በኩል የሚፋቅ ወይም ውስጡ የተሰነጣጠቀ ስኒ ለመጠጫ ባይውል ይሻላል።

ምስጋናው እዚህ ላይ ያበቃል። ሰብሳቢዎቻችን የጃፓንን ማኅተም ያነባሉ፤ ከማኅተሙ አጠገብ ያለችውን ነጥብ ግን አያነቡም።

የትኛዋን ነጥብ? ቀይዋን። የጥፍር ቀለሟን። በአገራችን ሰፈር ያደገ ሰው ያውቃታል። ለቅሶ ሲደርስ፣ ማኅበር ሲወጣ፣ ክርስትና ሲነሣ የአንድ ቤት ስኒ አይበቃም፤ ከጎረቤት ይሰበሰባል። ሲመለስ እንዳይደባለቅ እያንዳንዷ እናት በስኒዋ ሥር ምልክት ታደርጋለች። አንዷ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ፣ ሌላዋ በቤት ቀለም መስቀል፣ አንዷ ሁለት ሰረዝ። እድሩም በራሱ ዕቃ ላይ የራሱ ምልክት አለው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንኳ በዚህ ምልክት ፈርማለች። «ይሄ የእኔ ነው፤ ግን ለሁላችሁም ነው» የሚል ፊርማ ነው። የፋብሪካው ማኅተም ስኒው የት እንደ ተሠራ ይናገራል። ነጥቧ የት እንደ ኖረ ትናገራለች።

ታዲያ ሰብሳቢዎቹ ምን ያደርጋሉ? አሴቶን በጥጥ ነክረው ያጠፏታል! «ቆሻሻ ነው፤ ዋጋውን ይቀንሳል» ይላሉ። የጃፓኑ ፋብሪካ ስም ይቀራል፤ የሰፈሯ ሴት ፊርማ ይጠፋል። «ጋሼ፣ ለስጦታ ንጹሕ መሆን አለበት እኮ» ያለችኝ ልጅ አለች። ንጽሕና ከሆነ ሳሙና ይበቃ ነበር። የጠፋው ባለቤቲቱ ናት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የዋጋ ክርክሩ ነው። ከቆራሌው ላይ ስኒ ሲገዙ እስከ መጨረሻው ሳንቲም የሚከራከሩ፣ በዚያው ቀን ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ለአንድ ጭማቂ ያንን ዋጋ ሁለት እጥፍ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። በርካሽ መግዛታቸውን እንደ ጀብዱ ያወሩታል። ርካሽ የሆነው ግን አንድ ሰው ጨንቆት ስለሸጠው ሊሆን ይችላል። «ያገኘሁት» የሚለው ቃል ራሱ ያስቀይመኛል። የጠፋ ነገር ነው የሚገኘው፤ ይሄ ስኒ አልጠፋም፤ ተሸጧል።

ሦስተኛው፣ ስኒው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ያች ቁልፏ የማትወጣ ቡፌ በወጣቶቹ ቤት መስታወቷን አውልቃ፣ «ሼልፍ» ተብላ ተመልሳለች። እናት ለታላቅ እንግዳ ትቆጥበው ነበር፤ ልጅ ለፎቶ ይቆጥበዋል። ሁለቱም አይጠጡበትም። እስቲ ማን ነው ዘመናዊው?

አራተኛው የአዋሳ ነገር ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ይህች ከተማ የራሷ ስኒ ያላት ከተማ ናት። በታቦር ተራራ ስም የሚጠራው የሐዋሳው ሴራሚክ ፋብሪካ ሰሃንና ስኒ ሠርቷል። ነጩ አፈር፣ ካኦሊን የሚሉት፣ የሚመጣለትም ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከጉጂ ምድር፣ ቦምቦዋ ከተባለው ቦታ ነበር። አስቡት፦ የጉጂ አፈር፣ የሐዋሳ እጅ፣ የሲዳማ ቡና! ከጀበናው ጀምሮ እስከ ስኒው ሁሉም ያገር የሆነበት ጊዜ እዚሁ ከተማችን ነበር። ሰብሳቢዎቻችን ግን የጃፓን ስኒ ፍለጋ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ፤ የታቦር ስኒ ቢያጋጥማቸው «ይሄማ የቀበሌ መዝናኛ ዕቃ ነው» ብለው ያልፉታል። ጠርዙ እንደ ጃፓኑ አይሳሳ ይሆናል። ግን የሐዋሳ ልጅ ለሐዋሳ ልጅ የሚሰጠው የድሮ ስኒ ከተባለ፣ ከእሱ የሚቀድም የትኛው ነው? ዛሬ በየሱቁ «ባህላዊ» ተብሎ የሚሸጠውን ባለጥለት ስኒ ገልብጡት፤ ሥሩ ላይ «በቻይና የተሠራ» ይላል። የቃሉ ፓስፖርት አልተሳሳተም ማለት ነው።

ስለ ነጥቧ የተነሣ የሰማሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት ባለቤታቸው ታመው በነበረ ጊዜ ስኒዎቻቸውን ለቆራሌው ሸጡ። ለማንም አልተናገሩም። ጎረቤት ሲጠይቅ «ተሰባበሩ» አሉ። ዓመት ካለፈ በኋላ ሌላ ሰፈር የሚኖሩ የዘመድ ልጅ ቤት ሲመረቅ ተጠርተው ሄዱ። ቡናው ተፈላ፤ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ልጅቷ ጓደኞቿ በስጦታ ያመጡላትን አሮጌ ስኒ ለታላላቆቹ አቀረበች። እናትየው ስኒውን ሲይዙ ጣታቸው ከሥር አንድ ሻካራ ነገር ነካ። ገለበጥ አድርገው አዩ። ቀዩዋ ነጥብ እንዳለች ናት። አንድም ቃል አልተናገሩም። አቦሉን ጠጡ፤ ቶናውን ጠጡ፤ በረካው ላይ ቤቱን መረቁ። ማታ ቤታቸው ገብተው ለልጃቸው «ስኒዬ ደህና ቤት ገብታለች» አሏት።

ይሄን ታሪክ ከልጃቸው ከሰማሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልተወኝም። ባለቤቷ ልጅ ብታውቅ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ትመልስላቸው ነበር ወይ? መመለስ ምናልባት እናትየውን ያሳፍራቸው ነበር፤ የደበቁትን ችግር አደባባይ ያወጣ ነበር። እኔ የሚመስለኝ መመለስ ሳይሆን ማወቅ ነበር የሚያስፈልጋት። አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ። ያች ነጥብ በአሴቶን ጠፍታ ቢሆን ኖሮ፣ ያች እናት በዚያ ቀን የራሳቸውን ስኒ ይዘው እንደ ባዕድ ይጠጡ ነበር።

ስለዚህ ለሁለቱም ወገን አንዳንድ ቃል አለኝ። እናቶቻችን ሆይ፣ ያገለገለ ስኒ ሁሉ ስድብ አይደለም። ስድቡ «አልፈልገውምና ውሰደው» የሚለው ነው። «የእገሊት ነበር፤ አንቺ እንድትጠጪበት ነው» ተብሎ የሚሰጥ ስኒ ካልተከፈተው ካርቶን ይከብራል። ስድስት መሆኑም ግዴታ አይደለም። ስድስት ጎረቤት አንድ አንድ ስኒ ቢያዋጣላት፣ ሙሽሪት ስድስት ቤት አገኘች ማለት ነው። ደግሞ ቡፌውን ክፈቱት። ቢሰበርም «ክፉውን ይዞ ይሂድ» የምንል ሕዝብ አይደለን እንዴ?

ወጣቶች ሆይ፣ መሰብሰባችሁን አትተዉ፤ አሰባሰባችሁን አስተካክሉ። ከቆራሌው ስትገዙ «ከየት ሰፈር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጁ ብዙ ጊዜ ያስታውሳል። የሚገባውን ክፈሉ። ከእናታችሁ፣ ከአክስታችሁ ቡፌ የሚወጣውን ስኒ ደግሞ በቁማቸው ሳሉ ተቀበሏቸው፤ ማን እንደ ሰጣቸው፣ በየትኛው ሠርግ እንደ ደረሳቸው ይንገሯችሁ። ሲሰጧችሁ ጠጡበት፤ ስትሰጡ ታሪኩን አብራችሁ ስጡ። እጠቡት፤ በሳሙና ፈትጉት። ከሥሩ ያለችውን ነጥብ ግን ተዉአት።